የጦጣ ጎመን ጠበቃ

ሰው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ይጣላል፤ ከወንድሙ ጋር በውርስ ይጣላል። እኔን ግን ከሹሙም፣ ከሽማግሌውም፣ ወንድ ልጅ ከወለዱ የመንደሬ እናቶችም ጋር ያነካካኝ ሰባት ቅጠል ብቻ ያለው ነገር ነው። ከመጀመሪያው ላውራችሁ። በመሐሉ ቁጥር ካበዛሁባችሁ ታገሡኝ፤ መቁጠር የለመደብኝ ከሥራዬ ነው።

ሥራዬ ችግኝ ማጠጣት ነው። ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከውሃው ብዙም በማይርቅ አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ፣ የበቀለውንና የሞተውን እቆጥራለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ስለ ዕፅዋት የማውቀውን ያወቅሁት ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሁለት ገጾች ከተገነጠሉበት አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በፊደል ተራ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ስማቸው በ«ሀ» እና በ«ለ» የሚጀምር ዕፅዋትን በተመለከተ አስተያየት አልሰጥም።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ እናቴ ቤት እወጣለሁ። መንደራችን ከሐይቅ ወደ አምባሰል በሚያወጣው ዳገት ላይ ናት። ከመንደሯ በላይ ከድሮው ደን የተረፈ ጥቂት ዛፍ አለ፤ ከእነዚያ መሐል ደግሞ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት አንድ ትልቅ ወይራ አለ። ነገሩ ያለው እዚያ ወይራ ላይ ነው። ከመሬት አራት ሜትር ከሃያ ከፍታ ላይ፣ በሰሜን በኩል በተዘረጋው ቅርንጫፍ፣ ቅርፊቱ ላይ ተለጥፏል። ቅጠሉ ወፍራም ነው። ሥሩን ወደ አፈር ሳይሆን ወደ አየር ለቆታል። ሥሩ ሲደርቅ አመድማ ይሆናል፤ ጉም ሲነካው በአራት ደቂቃ ውስጥ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። በሰዓት ይዤዋለሁ።

መንደርተኛው «የጦጣ ጎመን» ይለዋል። ጦጣ ሲበላው ያየ ሰው የለም፤ ጎመንም አይደለም። ሁለት ቃል ያለው ስም ሁለቱም ቃል ሲዋሽ ማየት አልወድም። ፎቶ አንስቼ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት ለሚያስተምሩ ሰው በስልክ ላክሁ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ኦርኪድ ነው፤ በዛፍ ላይ ከሚኖሩት ወገን። የትኛው እንደሆነ ግን ሳያብብ አይታወቅም። ሲያብብ ላክልኝ።»

ሲያብብ። እኩዮቼ ሲያገቡ፣ አረብ አገር ሲሄዱ፣ ባጃጅ ሲገዙ፣ እኔ «ሲያብብ» የምትለዋን አንዲት ቃል ይዤ ዛፍ ሥር ቀረሁ።

የመጀመሪያው ጥፋት የመጣው ከማስመሪያ ነው። ቅጠሎቹን ልለካ ከቤተ ክርስቲያኑ መሰላል ተዋስኩ። ከወይራው ሥር የሼህ ሰይድ ጉባኤ ተቀምጧል፤ ሼህ ሰይድ የመንደሩ ሽማግሌዎች አለቃ ናቸው፤ በዕለቱ ሊፋቱ የመጡ ባልና ሚስት ይዘዋል። እኔ ላይ ሆኜ አምስተኛውን ቅጠል ስለካ መሰላሉ ተንሸራተተና በባልና በሚስቱ መካከል ወደቅሁ። ሼህ ሰይድ ጺማቸውን እየዳበሱ፦

«ይኸ ደግሞ የየትኛችሁ ምስክር ነው?» አሉ።

ሁለት ወር ሙሉ ያልተነጋገሩት ባልና ሚስት ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ተያይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔን ጎረቤቴ ኢብሬ አዝሎኝ ወደ ወጌሻ ወሰደኝ። ወጌሻው ቁርጭምጭሚቴን ለሱ በታየው አቅጣጫ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ግራ እግሬ ከቀኙ በሁለት ሳንቲ ሜትር ያጥራል። የኢብሬ እናት እትዬ ዘሀራ፣ ቤቷ ከኛ ደጃፍ አርባ እርምጃ ነው፤ ሰላሳ ሁለት ቀን ሙሉ አጥሚት አፍልታ አመጣችልኝ። አንድም ቀን አልዘለለችም።

ለውጡ የመጣው እኔ በምርኩዝ እየሄድኩ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ተናጋሪ ሆኖ ነበር፤ አርባ ዓመት ዝም ያለ ሁሉ ተነስቶ እጁን ያወጣ ነበር። አዲስ የተሾመ ሹም ወደ መንደራችን መጥቶ ወይራው ሥር ስብሰባ ጠራ። ስለ አንድነት አርባ አምስት ደቂቃ ከተናገረ በኋላ ቀና ሲል ዓይኑ ከኔ ተክል ላይ አረፈ።

«ይኸን አያችሁ?» አለ። «ይህ ዛፍ እኛ ነን። ያ ላዩ ላይ የተቀመጠው ጥገኛ ነው። ጥገኛን ከላያችን ላይ የምናወርድበት ዘመን መጥቷል። ነገ ወጣቱ መጥረቢያና ገጀራ ይዞ ይምጣ።»

ጭብጨባ ሆነ። እኔ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ ሱቅ ገብቼ ዋጋ መጠየቅ እንኳ ያልበኛል። ግን የተሳሳተ ነገር ሲነገር ጆሮዬን ያሳክከኛል። ምርኩዜን ተደግፌ ተነሳሁ።

«ጥገኛ አይደለም» አልኩ።

«አንተ ማን ነህ?»

«ችግኝ አጠጪ ነኝ።»

«ዛፉ ላይ አይደለም እንዴ ያለው?»

«ተቀመጠበት እንጂ ከዛፉ አይጠጣም። የሚጠጣው ጉም ነው።»

«ሥሩስ የት ነው?»

«አየር ላይ።»

«ሥሩ እዚህ መሬት ውስጥ ካልሆነማ መጤ ነው ማለት ነው» አለና ጸሐፊውን አየት አደረገው። ጸሐፊው ጻፈ።

ሼህ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌታው፣ አውፍ ይበሉኝና፣ እዚህ አገር ሥር መቆፈር ደግ አይደለም። የኔን ሥር ቢቆፍሩ ሦስተኛው አያቴ ዲያቆን ናቸው። የዚያን የመሪጌታውን ቢቆፍሩ ደግሞ ሲሰግዱ ነው የሚያገኟቸው። ዛፉ ካልከፋው እኛን ምን ከፋን?»

ሕዝቡ በጋቢው ውስጥ ሳቀ። ሹሙ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበርና ወደኔ ዞሮ፦

«ስሙ ማን ነው?» አለኝ።

«አላውቀውም። ሲያብብ ነው የሚታወቀው።»

«ስሙን ለማታውቀው ነው ጥብቅና የቆምክለት?»

«ጠበቃው» የሚለው ስም ያን ቀን ወጣልኝ። ለኔ ወዲያው ስም ሲወጣልኝ ለተክሉ እንዳልወጣለት ልብ በሉ። ነገሩን የሚያጣራ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔ «የጉዳዩ ባለቤት» ስለሆንኩ አልገባሁበትም። ኮሚቴው ተክሉን በቅርብ ለማየት መሰላል ጠየቀ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ባለፈው የተዋሰው ሰው አንድ መወጣጫ ሰብሮ መልሷል ብሎ ከለከለ፤ እውነት ነው። መሰላል የሚገዛበት ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤው ሳይመለስ ሰብሳቢው ተሾመ፤ ሹሙ ተዛወረ። ሁለተኛው ሹም የመጀመሪያው ያቋቋማቸውን ኮሚቴዎች በሙሉ አፈረሰ። ሦስተኛው ሹም ሲመጣ ምን ኮሚቴ እንደነበረ የሚያስታውስ አልተገኘም። በዚህ ሁሉ መሐል ተክሉ አንድ አዲስ ሥር አውጥቶ ሦስት ሳንቲ ሜትር አሳደገ። ከለውጡ በዓይኔ ያየሁት እድገት ይኸው ነው።

ቀጥሎ አንበጣ መጣ። ማሽላውን ላጨው፤ ጤፉን ላጨው፤ ግራሩን አጥንቱን አስቀረው። የጦጣ ጎመን ሰባቱም ቅጠሉ ሳይነካ ቀረ። ሰው በከሰረ ቀን ያልከሰረውን ማየት ይወዳል፤ ወይራው ሥር ተሰብስበው ወደ ላይ ያያሉ። ሼህ ሰይድ፦

«እስቲ ጠበቃው፣ ይኸ ደንበኛህ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» አሉኝ።

ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ግን ዕድሜ ልክ ማንም ጠይቆት የማያውቅ ሰው ሲጠየቅ እንዴት እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። «ብርቅ ነው» አልኩ። «በዚህ ተራራ ሁሉ ሌላ አላየሁም። ያለ አፈር ይኖራል። ድርቅ አልገደለውም፣ በረዶ አልገደለውም፣ አንበጣም አልገደለውም።» ከዚያም ስለ ቅጠሉ ውፍረትና ሥሩ ውሃ ስለሚያጠራቅምበት ሁኔታ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አስረዳሁ። ያን አሥራ አምስት ደቂቃ ያስታወሰ አንድም ሰው የለም። «አልገደለውም» የምትለዋን ግን ሕፃን ሽማግሌው ሸመደዳት።

በዓመቱ ጦርነቱ ወደኛ መውረድ ጀመረ።

በኛ አገር ወደ ክፉ መንገድ የሚሄድ ልጅ ባዶ ክንዱን አይሄድም። ሙስሊሙ ሒርዝ ያስራል፣ ክርስቲያኑ ክታብ ያስራል፤ ቆዳውን የሚሰፋላቸው ሰው ግን አንድ ነው። ነሐሴ ላይ ልጆቹ መጠራት ሲጀምሩ፣ ቆዳው ውስጥ ምን ይግባ የሚለውን እናቶቹ ተመካከሩ። የማይሞት ነገር ይግባ ተባለ።

ነሐሴ ደግሞ ምን ወር መሰላችሁ? ከስንት ዓመት በኋላ፣ ከሁሉም በላይኛው ቅጠል ብብት ሥር አንድ ቀጭን ዘንግ ብቅ ያለበት ወር ነው። እምቡጥ ነበር፤ ስድስት እምቡጥ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስፈልግ የመጀመሪያዋ እናት ወይራው ሥር ደርሳ አገኘኋት።

«ቅጠል ስጠኝ» አለች።

«እናቴ፣ ይኸ መድኃኒት አይደለም።»

«ምንም አይገድለውም ብለህ የለም?»

«ተክሉን ነው ያልኩት፤ የያዘውን ሰው አላልኩም።»

«አንተንስ ማን አስቀረህ? ከአራት ሜትር ወድቀህ…»

«አራት ሜትር ከሃያ» አልኳት፤ አምልጦኝ ነው።

«ይኸው፣ አራት ሜትር ከሃያ ወድቀህ ተርፈሃል። ለዘመቻ ሲመዘግቡም እግርህን አይተው ሂድ ተቀመጥ ብለውሃል። ይኸ ሁሉ በማን ነው?»

መልሱን በልቤ ከመጽሐፌ ፈለግሁ። ከሃያ ሦስተኛው ገጽ ወዲህ የለም። እውነቱንም ለመናገር፣ ከእኩዮቼ ሁሉ ተለይቼ ከጦርነት የቀረሁት በዚህ ተክል ምክንያት ነው፤ ጠብቆኝ ሳይሆን ሰብሮኝ። ይህን ልዩነት ለአንዲት እናት ማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ?

እምቢ ብል ልጆቹ ወጥተው ከነሥሩ ይነቅሉታል። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፦ ለአንድ እናት አንድ ቅጠል፣ የሚቆርጠው እኔ ብቻ፣ በአዲስ ምላጭ፣ ከታች ወደ ላይ። ደብተሬ ላይ ቀንና ርዝመት እጽፋለሁ። አንደኛው አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ነበር። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ሄዱ።

አምስተኛውን የወሰደው ሦስተኛው ሹም ነው። መኪናውን ከታች አቁሞ በእግሩ ወጣ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያ ጥገኛ የሚባለው ነገር ያንተ ነው አሉ።»

«ለልጅዎ ነው?»

«ለራሴ ነው። ስንቅ ይዛችሁ ወደ ግንባር ሂዱ ተብለናል።»

የኮሚቴውን ውሳኔ ልንጠብቅ ወይ ብዬ ልጠይቀው አማረኝ። ዝምተኛ ስለሆንኩ ቆርጬ ሰጠሁት። ስድስተኛዋ እናት መንታ ነበሯት፤ ቅጠሉን በማስመሪያ መሐሉን ይዤ ለሁለት ሰነጠቅሁላት። አንዱ እኩሌታ በሁለት ሚሊ ሜትር ስለሰፋ ለማናቸው እንደሚሆን ተጨነቀች፤ እኔም አብሬያት ተጨነቅሁ።

አንድ ቅጠል ቀረ። ዘንጉ የወጣበት፣ የላይኛው። እምቡጦቹ ወፈሩ፤ ከኋላቸው እንደ አይጥ ጭራ ቀጭን ነገር እየረዘመ መጣ። በስሌቴ ሁለት ሳምንት ቢበዛ ነው የቀራቸው።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ሰኞ ቀን፣ እትዬ ዘሀራ ዳገቱን ቀስ እያለች ወጣች። ወይራው ሥር ተቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ኢብሬም ተጠራ» አለችኝ።

«መቼ ነው?»

«ለሐሙስ። አንድ ቅጠል ቀርቷል ይላሉ።»

«ቀርቷል፣ እትዬ። ግን እሱ ከተቆረጠ አያብብም። ዘንጉን አየሽው? ስድስት እምቡጥ ነው። ስንት ዓመት ጠበቅሁት። ሁለት ሳምንት ብትታገሺኝ ቅጠሉንም አበባውንም እሰጥሽ ነበር።»

«ሐሙስ ነው የሚሄደው።»

«እትዬ፣ ቅጠል ጥይት አያቆምም። ምንም አይጠቅምም።»

«ጥይት እንደማያቆም አጣሁት ብለህ ነው?» አለች፤ አልተቆጣችም። «ሲፈራ እጁን የሚያሳርፍበት ነገር ይኑረው ብዬ ነው። ደግሞስ፣ ምንም አይጠቅምም ካልክ ምኑን ሳሳህለት?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረኝ። ስለ ቅጠልና ስለ ምግብ፣ ስለ እምቡጥና ስለ ቅጠል ግንኙነት በዝርዝር ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

«አብሽር ልጄ» አለች። «ጠብቅ አበባህን።»

ሐሙስ ጠዋት ኢብሬ ሻንጣውን አንግቶ ወይራው ሥር አለፈ። እጅጌውን ከክርኑ በላይ ጠቅልሎ ነበር፤ ክንዱ ባዶ ነው።

«ጠበቃው» አለኝ፣ «ደንበኛህ ከኔ የተሻለ ጠባቂ አለው። ሲያብብ ለሰርጌ ትቆርጥልኛለህ።»

«እቆርጥልሃለሁ።»

«አትሰስትም?»

«አልሰስትም» አልኩት።

ከሰኞ በአሥራ ሦስተኛው ቀን አበበ። ደብተሬን እያየሁ ነው የምነግራችሁ፦ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ፣ የመጀመሪያው እምቡጥ ተከፈተ። አሥራ አንድ ከሠላሳ አራት፣ ከተራራው ማዶ መድፍ። አሥራ አንድ ከሠላሳ ዘጠኝ፣ ሁለተኛው እምቡጥ። ነጭ ነው፤ እንደ ኮከብ የተከፈለ፤ ከኋላው የሚወርደው ጭራ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ተኩል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽታው መጣ፤ ቀን የማይሸት ነገር ነው። እድሜዬን ሙሉ ያየሁት የመጀመሪያው ያማረ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ያን ያህል ደስ አለማለቱ ገረመኝ። ሥዕሉን በጥንቃቄ ሣልኩ። ፎቶውን ልልክ ስል ኔትዎርክ የለም።

ጦርነቱ በላያችን አለፈ። ስለዚያ ወራት ከኔ የተሻለ የሚጽፍ ይኖራል። እኔ ደብተሬን ከሸሚዜ ሥር አድርጌ ገደል ውስጥ ከሌላው ሰው ጋር ተሸሸግሁ፤ ስልኬን ግን የሚፈትሽ ወሰደው። ወደ መንደር ስንመለስ፣ ቤቱ የተቃጠለ ቤቱን፣ ከብቱ የተነዳ ከብቱን ሲፈልግ፣ እኔ ወይራውን አየሁት። ቆሟል። አበባው ረግፏል። አንዱ ቅጠል አለ።

የስልክ አገልግሎት ሲመለስ በእናቴ ስልክ ሥዕሉን አንስቼ ለመምህሩ ላክሁ። በአራተኛው ቀን መለሱ። ስሙ ሁለት የላቲን ቃል ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። ከስሙ በታች እንዲህ ይላል፦ «ሥዕልህ እጅግ ትክክል ነው። ብርቅ ግን አይደለም፤ በብዙ ደኖች ሞልቷል። ቅጠሉ ለምን አንድ ብቻ ሆነ?»

ምክንያቱን ጻፍሁላቸው። የመጨረሻውን ቅጠል እንዲያብብ ብዬ እንዳስቀረሁትም ጨመርሁ፤ ምናልባት ምስጋና ጠብቄ ይሆናል።

«አትጨነቅ» ብለው መለሱልኝ። «ይህ ወገን በሥሩም ይመገባል፤ አረንጓዴ የሚሆነው ለዚያ ነው። እምቡጥ ካወጣ በኋላ ያለ ቅጠልም ያብብ ነበር።»

አራት ደቂቃ። በሰዓት ይዤው ነበር። ለምን አረንጓዴ እንደሚሆን ግን ጠይቄ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት የኢብሬ መርዶ መጣ። ሼህ ሰይድና ሁለት ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ የእትዬ ዘሀራን ደጅ አንኳኩ። ቅጠል ከወሰዱት ልጆች ውስጥ የተመለሰም አለ፣ ያልተመለሰም አለ፤ ከመንትዮቹ አንዱ መጥቷል፣ ሰፊውን የያዘው ይሁን ጠባቡን እናትየዋም አታውቅም። ሹሙ በሰላም ተመልሶ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። በደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ ነበር። ከሠንጠረዡ ምንም አይወጣም። ልክ ነበርኩ ማለት ነው፤ ቅጠል ጥይት አያቆምም።

ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሄድኩ። ሁልጊዜ በር አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ቡና ሲመጣልኝ አሳልፋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ፤ ጨዋታም ጀመር ጀመር አለ። እትዬ ዘሀራ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝ።

«አበባህ አበበልህ ወይ?» አለችኝ።

የያዝኩትን ሲኒ ለጎኔ ሰው አሳለፍኩ።

«አበበ፣ እትዬ።»

«ምን መልክ ነው?»

«ነጭ ነው።»

«ይሸታል?»

«ወደ ማታ ይሸታል።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ ልጄ። ያን ያህል ዓመት ጠብቆ ሳያየው ይቀር ይሆን እያልኩ፣ በስደቱም ላይ አንተን አስብ ነበር።»

ፊቷ ላይ አሽሙር ፈለግሁ። ቀስ ብዬ፣ ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ። አልነበረም።